ቻርጀሩ መኪናው በሚያድርበት ይተከል

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከየካ አባዶ ተነስቶ ሜክሲኮ ድረስ ለሥራ የሚመላለስ ሰው በቀን 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። ለዚህ መንገድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከ7 እስከ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ካገኘ ይበቃዋል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ተራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ 10 አምፔር ሲስብ በየሰዓቱ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ወደ ባትሪው ያስገባል። ስለዚህ ሌሊት አራት ሰዓት ያልተቆራረጠ መብራት ካለ የነገው መንገድ ተሸፈነ ማለት ነው። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአራብሳ፣ በለገጣፎና በሰበታ የሚኖር የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ያጣው ይህንን አራት ሰዓት ነው። ብዙው ደግሞ መብራቱ ቢኖርም የሚሰካበት ቦታ የለውም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲነሳ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ የማመንጨት አቅማችን ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ከምናመነጨው ኤሌክትሪክም አብዛኛው የሚገኘው ከውኃ ነው። ሁለተኛው በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚከፈቱት ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች ናቸው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በቦሌ መንገድ የከፈተውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። በሁለቱም ደስ ይለኛል። ሆኖም የከተማው ዳር ችግር ያለው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ መኪና ማቆሚያው ባሉት ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ቀርፋፋ ቻርጀር ነው። ርካሽ ይሁን፣ በብዛት ይኑር፣ መኪናው በሚያድርበት ቦታ ይተከል።

ይህንን የመጠየቅ መብት አለን። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ጥር 2016 ላይ የኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምርጫ አንድ ሆነ። ከዚያ በፊትም መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ በሚገባው ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል በተገጣጠመው ላይ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ጥሎ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣውን ከቀረጡ ነፃ አውጥቶ ነበር። ለነዳጅ የሚወጣውን ቢሊዮን ዶላር ለማዳን የተወሰደ እርምጃ ነውና እደግፈዋለሁ። ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን የቤተሰብ ኪስም ይደግፈዋል። ግን ለመኪናው በሩን የከፈተ መንግሥት ለመኪናው ማደሪያም ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ እንግባ። ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ደረጃው ሥር ወይም መግቢያው ላይ ተደርድረዋል፤ መኪናዎች የሚያድሩት ከሕንፃው ፊት ለፊት በተነጠፈው ኮብል ስቶን ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው መኪናውን ከራሱ ቆጣሪ ቻርጅ ለማድረግ ያለው አማራጭ ከሳሎኑ መስኮት ኤክስቴንሽን ማውረድ ነው። ማታ ማታ በየብሎኩ የሚታየው ይኸው ነው፤ ገመዱ የጎረቤትን የተሰጣ ልብስ አልፎ፣ በረንዳውን ተደግፎ፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት መሬት ላይ ተጎትቶ መኪናው ጋ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ መገጣጠሚያው በፌስታል ይጠቀለላል።

ይህ ያስፈራኛል፤ ሌሎችንም ሊያስፈራ ይገባል። ቴሌቪዥን ወይም ላፕቶፕ እንዲሸከም የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን ለስምንት ሰዓት ተከታታይ 10 ወይም 16 አምፔር ሲጫንበት ይግላል፤ በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ክፍሉ ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለሌለው መሸፈኛው ይቀልጣል። የሶኬቱ ጥርስ ትንሽ ከላላ እዚያው ይጠቁራል። ከዚህ የባሰው የኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች መስመሩ ኧርዝ እንደሌለው ሲያውቁ ቀይ መብራት አብርተው አልሞላም ይላሉ። ይህ ሰው እንዳይሞት የተሠራ ጥበቃ ነው። በየሰፈሩ ግን ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን የሚያታልል ሰው አይጠፋም፤ ቻርጀሩም አረንጓዴ አብርቶ ይጀምራል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከተበጠሰ ወይም መስመሩ ከተገለበጠ የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍት ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም። ይህንን የሚያነብ ባለ መኪና ሁሉ አደራ፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ኤሌክትሪሺያን ይጥራ፤ የኧርዝ ዘንግ ማስቀበር ከመኪናው ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። መብራት ሲሄድም ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ይሻላል፤ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ ያለው መዋዠቅ የመኪናውን ውስጣዊ ቻርጀር ሊጎዳ ይችላል።

ሰው ይህን ሁሉ አደጋ የሚጋፈጠው ደንታ ቢስ ስለሆነ አይደለም። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት።

በእኛ ብሎክ ስብሰባ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ እናት ያነሱት ቅሬታ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ልጆቼ፣ መኪና መያዛችሁ እሰየው ነው። ግን ማታ ማታ ምጣዴ አልግል ብሎ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለ፤ እኔ ምን በደልኩ?» አሉ። ከመካከላችን አንዱ ወጣት «እማማ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አንሰካም» አላቸው፤ ሌሎቹም ተስማሙ። መፍትሔው በከፊል እዚህ ስምምነት ውስጥ ነው፤ በሰው በጎ ፈቃድ ብቻ እንዲቆም መተው ግን አይገባም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ሲሠራ ሁለት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ተጥደው ለሰዓታት ሳይወርዱ እንደ መቆየት ነው። በሰፈር ምሰሶ ላይ ከሚሰቀሉት ትራንስፎርመሮች ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔሩን እንውሰድ፤ ይህ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ሲሆን ከኪሎ ዋት ጋር ይቀራረባል። ሃያ መኪናዎች ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በ7 ኪሎ ዋት ቢሰኩ 140 ኪሎ ዋት ይስባሉ፤ ከአቅሙ ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረውም፤ ያውም እራት በሚሠራበት፣ ሁሉም ቤት መብራት በሚበራበት ሰዓት። እነዚያው ሃያ መኪናዎች ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ በ2 ኪሎ ዋት ቢሰኩ 40 ኪሎ ዋት ይበቃቸዋል፤ ትራንስፎርመሩ አይሰማውም፤ ጠዋትም ሁሉም የቀን መንገዳቸውን ሞልተው ይነሳሉ። አንድ ግድብ አንድ ሜጋ ዋት ሳይጨምር፣ በሰዓቱና በፍጥነቱ ልዩነት ብቻ አንዱ ሰፈሩን ያጨልማል፣ ሌላው ሳይታወቅ ያልፋል። ስለ ቀርፋፋ ቻርጀር አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ፈጣን ጣቢያ ይህንን ክፍተት አይሞላም ወይ የሚል ይኖራል። ለክፍለ ሀገር ጉዞ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የራይድ ሾፌር፣ ድንገት ባትሪው ላለቀበት ሰው ይሞላል። በየቀኑ ለሚመላለሰው ግን ከዳር ሰፈር ወደ መሀል ከተማ ወርዶ ወረፋ ይዞ መቆም ጊዜም ኪሎ ሜትርም ያስበላል። ባትሪው 80 በመቶ ካለፈ በኋላ የመሙላት ፍጥነቱ ስለሚወርድ እስከ 100 እሞላለሁ የሚል አንድ ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል። ማስገቢያውም አንድ ዓይነት አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች፣ ማለትም አብዛኞቹ ቢዋይዲዎችና በቻይና በኩል የመጡት የቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ፣ ጂቢቲ የሚባለውን ማስገቢያ ይዘዋል፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለውን። ወረፋው ደርሶህ ነፃ የሆነው ገመድ የአንተ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር ብቻ መሙላት ለባትሪውም አይመከርም። ቀርፋፋው ቻርጀር ግን መኪናው የራሱን ገመድ ይዞ ስለሚመጣ የሚፈልገው ደህና ሶኬት ብቻ ነው።

ተከራዩን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በአያት ወይም በቡራዩ በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። የቤት ታሪፋችን ደረጃ ያለው ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ከወር 500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያለው የመጨረሻው እርከን ነው። አንድ መኪና በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲጨምር የግቢው ሁሉ ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋ ይችላል፤ መኪና የሌላቸው ጎረቤቶችም አብረው ይከፍላሉ። አከራዩ «መኪናህን ሌላ ቦታ ሰካ» ቢል አልፈርድበትም። ታሪፉ ሲወጣ በድህነት ላይ ያለውን ቤተሰብ ለመጠበቅ ታስቦ ነው፤ መኪና በጋራ ቆጣሪ ላይ ሲሰካ ግን ሸክሙ የሚያርፈው ሊጠበቅ በታሰበው ሰው ላይ ነው። ለመኪና የተለየ ቆጣሪ ያስፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኮንዶሚኒየሙ መጀመር ይቀላል፤ ሕዝቡ የተሰበሰበበት፣ ማኅበር ያለበት ቦታ ነውና። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የመኪና ማቆሚያውን የመሰለ የጋራ መጠቀሚያ በቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲተዳደር መሠረት ጥሏል። ስለዚህ ማኅበሩ በራሱ ስም ከትራንስፎርመሩ አንድ የተለየ መስመር ከነቆጣሪው ቢያስገባ፣ በማቆሚያው ዳር ኧርዝ ያላቸው፣ ዝናብ የማይገባባቸው፣ የየራሳቸው ብሬከርና ንዑስ ቆጣሪ ያላቸው ሶኬቶች ቢደረድር፣ እያንዳንዱም የተጠቀመበትን በቴሌብር ለማኅበሩ ቢከፍል፣ የመስኮቱ ኤክስቴንሽን በአንድ ወር ውስጥ ይጠፋል። በሰዓት መቆጣጠሪያ መስመሩ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ የእማማ ምጣድ ይግላል።

ይህንን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ማኅበር ግን በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አንድ ግልጽ በር ሊኖረው ይገባል፤ ቅጹ፣ ዋጋው፣ የሚወስደው ጊዜ የታወቀ። ዛሬ አዲስ ቆጣሪ ስንጠይቅ የምንጠየቀው የቤት ካርታ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ካርታ የለውም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም የሌሊት ታሪፍ ለቤት ተጠቃሚና ለእንዲህ ዓይነት የጋራ መስመር ቢያወጣ ሰው በራሱ ፍላጎት ሰዓቱን ያከብራል። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2020 የጋራ ሕንፃ ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ማንኛውም የቤት ባለቤት በራሱ ወጪ የመኪና ቻርጀር እንዲገጠምለት የመጠየቅ መብት ሰጥተውታል፤ ጎረቤት በድምፅ ብልጫ ሊከለክለው አይችልም። የእኛም አዋጅ እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት በየብሎኩ ያለውን ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

አንድ ተቃውሞ በቁም ነገር እወስዳለሁ። አብዛኛው የዳር ከተማ ነዋሪ በታክሲና በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፤ ለባለ መኪናው ምቾት የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይወጣል? ልክ ነው፤ አይውጣ። ሶኬቱን የሚጠቀመው ሰው ሙሉ ወጪውን ይክፈል። መንግሥት የሚጠበቅበት መስመሩን መፍቀድ፣ ትራንስፎርመሩን በዕቅድ ማጠናከርና ደረጃውን መወሰን ነው። የተጠናከረው ትራንስፎርመር ደግሞ ለመኪናውም፣ ለምጣዱም፣ ለሰፈሩ ወፍጮም ይሠራል።

አስቸኳዩ ጉዳይ ገና በግንባታ ላይ ያሉት ብሎኮችና ሪል ስቴቶች ናቸው። ማቆሚያው ከመነጠፉ በፊት የገመድ ማለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ ከሥር መቅበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከተነጠፈ በኋላ ኮብል ስቶኑን አፍርሶ መቆፈር ግን ሌላ በጀት፣ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ዓመት ይጠይቃል። የከተማ አስተዳደሩና የሸገር ከተማ የግንባታ ፈቃድ ክፍሎች ከአሁን በኋላ በሚያጸድቁት ፕላን ሁሉ ላይ ይህንን ቱቦና በትራንስፎርመሩ ላይ የመኪናውን ድርሻ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ቤት የምትገዙም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ማቆሚያው ሥር ምን እንደተቀበረ ጠይቁ።