«ሌላ ትምህርት ቤት ብትሞክሩለት» ለተባልን ወላጆች

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ሲሰጥ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ከ52 ተማሪ 51ኛ ወጥቶ አገኘሁት፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህርም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌላ ትምህርት ቤት ብትሞክሩለት ሳይሻለው አይቀርም» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ምክር ሲሰጠኝ ሁለተኛው ነው። አዳማ ውስጥ የመማር እክል ላለበት ልጅ አማራጭ መፈለግ ሲባል የሚታየን ይኸው ነው፦ መሸኛ መቀበል፣ የመግቢያ ፈተና ማስፈተን፣ አዲስ ዩኒፎርም ማሰፋት፣ ከዚያም በጥር ያንኑ ውጤት መቀበል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ማታ የተነገረውን ተረት በማግስቱ አንዲት ነገር ሳያጎድል ይደግማል፤ ሱቅ ሲላክም መልስ ቆጥሮ ይመጣል። ዓይኑንም ጆሮውንም አስመርምሬያለሁ፤ ደህና ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ወረቀት ሲቀርብለት ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት አንዲት አጭር ሰረዝ መሐል ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ይህችን ሰረዝ ሌሎቹ ልጆች በአንድ ወር ለምደዋት ሲያልፉ እርሱ እስከ ዛሬ በጣቱ እየነካ ይፈልጋታል። «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» ላይም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው የንባብ እክል፣ ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ የሚሉት፣ ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት የተለየ ነው፤ በቤተሰብም ሲወርድ ይታያል። አባቴ ደብዳቤ ለምን ሁልጊዜ እኔን ያስነብቡኝ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

እዚህ ከተማ ላይ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው። ልጄ በአንድ ቀን ውስጥ አማርኛ በፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በዚያው የላቲን ፊደል ይማራል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ በአፋን ኦሮሞ «ጥ» ተብላ የተነበበችው «x» አምስተኛው ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ ትሆናለች፤ «ጭ» የነበረችው «c»ም እንዲሁ። ቁቤ ጠብቆ የሚነበበውን ድምፅ ፊደሉን ሁለቴ ሲጽፍ የአማርኛው ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን» ለማለት የተጻፈ፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ቋንቋ መብዛቱን መቃወሜ አይደለም፤ በአፉ ሦስቱንም ይናገራል። የምቃወመው አንዱ ሥርዓት ሳይጸናለት ሌላው ላዩ ላይ መጫኑን ነው።

ታዲያ ምን አማራጭ አለ? ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «አዲስ አበባ ውሰደው» ይላል። እዚያ ያሉት እንደ ጆይ ያሉ ማዕከላት የተቋቋሙት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ነው፤ የእኔ ልጅ ቦታው እዚያ አይደለም፤ የሌላውንም ልጅ ወንበር መሻማት አይገባውም። አስጠኚም ቀጥረን ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ የሚያስጠኑበትን መንገድ ይዘው መጡና ልጁን ያንኑ ገጽ ሃያ ጊዜ አስገለበጡት። የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዝቅ አድርገን የምናይ ወላጆች ግን ልንታረም ይገባል፤ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር የማግኘት ዕድል ካለ እዚያ ነው። ማየት ለተሳናቸውና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ድጋፍ በሚሰጥበት ክፍል ፊደል የሚምታታበት ልጅም እንዲገባ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ እህቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ልጁ ከአሥር ሦስት ያገኘበትን የአካባቢ ሳይንስ ፈተና አንሥታ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ አነበበችለት፤ እርሱ በቃል መለሰ፤ ስምንት አገኘ። ትምህርቱን ያውቀዋል ማለት ነው። ፈተናው ሲለካ የቆየው ንባቡን ነበር፤ ካርዱ ላይ ግን የተጻፈው ሳይንስ ተብሎ ነው።

መምህራንን አልወቅስም። ሃምሳ ሁለት ተማሪ ይዞ ለአንድ ልጅ ጥያቄ ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ካዘዙ በፈተና ሳምንት አንድ ረዳት መምህር ጥግ ላይ አስቀምጦ ማስነበብ ወጪ አይጠይቅም። የክፍል ደረጃ ካርድ ላይ አለመጻፍም እንዲሁ፤ 51ኛ የሚለው ቁጥር ለልጁም ለእኔም የነገረን አንዳች ነገር የለም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ልጁ ካርዱን ፍራሽ ሥር እንዲደብቅ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ልጁ ባለበት አጠቃላይ ትምህርት ውስጥ እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያዝዛል። «ሌላ ትምህርት ቤት ሞክሩ» የሚለው ትሑት ምክር ከዚህ ጋር አይሄድም፤ የግል ትምህርት ቤት መሆንም ከዚህ ነፃ የሚያወጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር መሸኛ አልጠይቅም። ልጁ ባለበት ትምህርት ቤት አምስት ሆነን፣ ያው ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ አንድ ማመልከቻ ፈርመናል፦ ፈተና ይነበብላቸው፣ የቃል መልስ ይያዝላቸው፣ ቢያንስ እስከ አራተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ የቃላት አጻጻፍ ስሕተት ነጥብ አይቀነስባቸው። ከአምስታችን ሁለቱ ፊርማቸውን ያኖሩት ስማቸው ከልጃቸው ስም ጋር እንዳይነበብ ቃል ካስገቡን በኋላ ነው።