በገናን ለምን ዘለላችሁት?

ስለ ጸጥ ያለ ሙዚቃ በጻፋችሁት ላይ፣ ዛሬም ሰሚ አለው ማለታችሁ ልክ ነው። ክራርን አንስታችሁ በገናን መዝለላችሁ ግን ቆጨኝ። አሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። ያ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መሀል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዚራ ትባላለች። ትንሽ ከተንሸራተተች ንዝረቱ ይጠፋል።

አንድ የሁዳዴ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ጎረቤታችን በሻማ ሲደረድሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። ጣታቸው አውታሩን ሲለቅ፣ ትንፋሽ ሲስቡ፣ ሁሉም ይሰማል። ሲያለቅስ ያመሸው ሕፃን እንኳ ዝም አለ። ይሄን ማይክራፎንና ትልቅ መድረክ አይሰጣችሁም።

እስቲ የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቅጂ ማታ ለብቻችሁ ስሙት። ድምፁን ብዙ አትጨምሩት። ጆሯችሁ ስር ተቀምጠው የሚያወሯችሁ ነው የሚመስለው።