ዝናብ የሚያባርር ጭስ አይደለም

ጋሼ፣ በደሴ ሰማይ የሚያልፉ አውሮፕላኖች የሚተዉት ነጭ መስመር «በልግን ለማባረር የሚረጭ ኬሚካል ነው» ያሉት ስህተት ነው። በልግ የቀረበት ወሎዬ ሰማዩን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። መስመሩ ግን በረዶ ነው።

የአውሮፕላን ነዳጅ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል፤ 1 ኪሎ ነዳጅ ከ1.2 ኪሎ በላይ የውሃ ተን ያወጣል። ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ተኑ በጥላሸት ቅንጣቶች ላይ ጤዛ ሆኖ ወዲያው ይረጋል። በወሎ ደጋ፣ ጉጉፍቱ ላይ በማለዳ ከአፍ የሚወጣው እንፋሎት ዘመድ ነው። ልብ ብለው ቢያዩ መስመሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፤ ተኑ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይፈልጋል።

«ታዲያ አንዱ ወዲያው ሲጠፋ ሌላው ለምን ይቆያል?» ላሉት፣ ልዩነቱ ያለው አየሩ ላይ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ በረዶው ቶሎ ይተናል፤ እርጥበት ከጠገበ ግን መስመሩ ይቆያል፣ ይሰፋል፣ ስስ ደመና ይመስላል። ስለዚህ የቆየ መስመር የሚያሳየው የላይኛው አየር እርጥብ መሆኑን ነው፤ የእርስዎ ግምት ተቃራኒ! ኮምቦልቻ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን መስመር የማይተወውም በዚያ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሞቅ ነው።

ጉዳት የለውም አላልኩም፤ መስመሮቹ ሙቀት አምቀው ምድርን በመጠኑ ያሞቃሉ። የበልግ ዝናብ እርጥበት ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከህንድ ውቅያኖስ ነው፤ በልግ ለምን ቀረ የሚለውን እዚያ ቢፈልጉት ይሻላል።