የ5 ብር ሳንቲሙን አምጡት፣ ወረቀቱን ግን ሰብስቡት

በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ሲወጡ 5 ብር ወደ ሳንቲም እንደሚቀየር ተነግሮን ነበር። ይሄ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚመጣ አንድ መልስ አለ፤ ሰሞኑንም ደግሞ ሰማሁት፦ «በቴሌብር ዘመን ሳንቲም ምን ይሠራል?» በጣም ያናድደኛል። የታክሲ ረዳት መልስ የሚሰጠው በእጁ ነው። መንገድ ዳር ሎሚ ደርድራ የምትሸጥ እናት ኔትወርክ እስኪመጣ ገበያዋን አታቆምም። እነዚህ ሰዎች ዛሬም በፕላስተር የተለጠፈ 5 ብር ይዘው «ይሄን ቀይርልኝ»፣ «አልቀይርም» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ቴሌብር ጥሩ ነገር ነው፣ ይህን ጭቅጭቅ ግን አላስቀረም።

ሳንቲሙ ይምጣ። የምፈራው አመጣጡን ነው። አንድ ሳንቲም ስላማረ ብቻ ሰው እጅ አይገባም። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱትን ብር አስቡት። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ፣ ክብደቱም ከማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ጋር ተቀራራቢ። ምን ይጎድለዋል? ምንም። ሆኖም ነጋዴውም ገበሬውም የለመደውን ጠገራ አልለቅም አለ፣ ጠገራው ከጎኑ እንደልቡ ይዘዋወር ስለነበር የገዛ ንጉሡን ብር ትቶ የሩቅ አገር ንግሥት ምስል ያለበትን እየመረጠ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። አሮጌው ገንዘብ ገበያ ላይ እያለ አዲሱን ማን ይወስዳል!

አሜሪካም እዚሁ ላይ ነው የወደቀችው። እ.ኤ.አ. በ1979 የሴቶች መብት ታጋይዋ የሱዛን አንተኒ ምስል ያለበትን የአንድ ዶላር ሳንቲም አወጣች፣ የወረቀቱን ዶላር ግን አልነካችም። ሳንቲሙ በዚያ ላይ ከ25 ሳንቲማቸው ጋር እየተምታታ ሰው ጠላው። ካናዳ በ1987 ባለ 11 ጎን፣ ወርቃማ የአንድ ዶላር ሳንቲም አወጣች። በ1989 ወረቀቱን ማውጣት አቆመች፣ በቃ፣ ሳንቲሙ ሥራውን ጀመረ። «ሕዝቡ ሳንቲም አይወድም» የሚሉ ሰዎች ይህን ማየት አይፈልጉም። እኛም ጋ የሆነውን ረስተውታል። በ2002 ዓ.ም. ባለ ሁለት ቀለሙ የ1 ብር ሳንቲም ሲወጣ ስንቱ አጉረመረመ! ዛሬ የ1 ብር ወረቀት የሚፈልግ ማን አለ?

ስለ ንድፉ አንድ ነገር ብቻ። አንበሳው ይኑር፣ ሌላው ፊት ላይ ምን እንደሚቀረጽም ባለሙያ ይጨነቅበት። ግን ማታ ጨለማ ውስጥ ረዳቱ፣ ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ፣ በጣቱ ብቻ ከ1 ብሩ መለየት አለበት። መጠኑ በግልጽ ይለይ፣ ጠርዙም ይለይ። በቀለም ብቻ እንለየዋለን የሚል ንድፍ ከመጀመሪያው ውድቅ መሆን አለበት፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ብሔራዊ ባንክ ሳንቲሙን በሚያስተዋውቅበት መግለጫ ላይ የ5 ብር ወረቀት የሚሰበሰብበትን የመጨረሻ ቀን አብሮ ይንገረን። «ቀስ በቀስ» የሚል ቃል መስማት አልፈልግም።