ቦምቡ ቢገኝበትስ ኖሮ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ነው። መንግሥትን የሚከስ ጽሑፍ በየዕለቱ እናነባለን፣ እንጽፋለንም፤ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ይሄ ግን ማንም ሳያዝዘን በገዛ እጃችን ስለሠራነው ነገር ነው።

ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የሻሸመኔ ስታዲየም ከስደት የተመለሰውን የኦሮሞ አክቲቪስት ጃዋር መሐመድን ሊቀበል በወጣ ሕዝብ ተጥለቅልቋል። ያን ክረምት መቼም አትረሱትም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተነሥቷል፣ ማዕከላዊ እስር ቤት ተዘግቷል፣ እስረኛ በገፍ ተፈትቷል። ትናንት በአሸባሪነት የተፈረጁ ድርጅቶች ከመዝገቡ ተፍቀው አገራቸው እየገቡ ነው። ሕዝቡ ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል? ፍርሃትም ነበረ። ሰኔ 16 መስቀል አደባባይ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በተደረገው የድጋፍ ሰልፍ መሀል ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል። ወር ከሳምንታት ብቻ ነው ያለፈው። ስለዚህ በሺዎች መሀል «ቦምብ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የደነገጠ ሰው ላይ አልፈርድም። በዚያው ቀን በግፊያ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ።

ከድንጋጤው በኋላ ለሆነው ግን ይቅርታ የለኝም።

አንድ ሰው ተያዘ። ቦምብ ይዟል ተባለ። በቃ፣ ያ «ተባለ» ክሱም፣ ምስክሩም፣ ፍርዱም ሆነ። ለሕግ አልተሰጠም። ስሙን ተናግሮ፣ ከየት እንደመጣ አስረድቶ፣ «ፈትሹኝ» ብሎ የሚሰማው ጆሮ አላገኘም። ተደብድቦ ተገደለ። መግደሉ አልበቃ ብሎ በቀን ብርሃን፣ በሕዝብ ፊት፣ ቁልቁል ተሰቀለ። ከዚያም ተቀረጸ። እስቲ አስቡት፤ የሰው ልጅ በእግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ እጁን አደላድሎ የቀረጸ ሰው አለ። ምስሉን ለሌላው የላከ አለ፤ የተቀበለውም ለሌላው ላከ። እስከ ማታ ድረስ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ ከሪያድ እስከ ቴል አቪቭ አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል ሁሉ እጅ ገባ። ያ ሰው እናት ካለችው፣ ልጇን እንደዚያ ሆኖ ልታየው ትችል ነበር። ይህን ያሰበ ስንቱ ነው?

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ከግድያው ማግሥት የተናገርነው ነገር ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው «ዘሩ ምንድን ነው?» ብለን ነው። ሐዘናችን መልሱን ጠበቀ። የእኛ ከሆነ ልናለቅስ፣ የእነሱ ከሆነ ልናብራራ ተዘጋጀን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቦምብ እንዳልተገኘበት ተሰማ። ያኔ ነው አገር ምድሩ «ወይኔ፣ ንጹሕ ሰው!» ያለው። በየቡናው፣ በየታክሲው፣ በየቴሌቪዥኑ አንድ ዓይነት ጸጸት ተደመጠ፦ «ሳያጣሩ ገደሉት።»

ሳያጣሩ? አጣርተው ቢሆንስ ኖሮ? ኪሱ ተፈትሾ ቦምቡ ቢገኝ ኖሮ መስቀሉ ሊያምር ነበር? ጸጸታችን ሁሉ በአንድ ቦምብ መኖርና አለመኖር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰው ያለ ፍርድ እንዳይገደል የሚለውን ነገር ለንጹሐን የተሰጠ ሽልማት አደረግነው። ንጹሕ ሰውን መውደድማ ማን ያቅተዋል! ሕግ የተሠራው ለተጠረጠረው ነው፤ ለምንጠላው፣ ለምንፈራው፣ ምናልባትም በእርግጥ ላጠፋው ሰው።

ስለ ሕገ መንግሥቱ ሌት ተቀን የምንሟገት ሰዎች ነን። ስለ መገንጠል መብት የሚናገረው አንቀጽ 39 ሲነሣ የማይናገር አፍ የለም፤ አንዱ ይሰረዝ ይላል፣ ሌላው ሞቼ እገኛለሁ ይላል። መሟገቱ መልካም ነው፣ እንዲህ ብዙ ሕዝብ ያቀፈ አገር ሳይሟገት አይኖርም። ነገር ግን እዚያው ሰነድ ውስጥ፣ ወደ 39 ከመድረሳችን በፊት ዘለን የምናልፈው አንቀጽ 15 አለ። ማንም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ካልተቀጣ በቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይናገራል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የየትኛውም ብሔር ሰው በእነዚህ ላይ ተቃውሞ ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም። የማንም ስላልሆኑ ይመስለኛል የሚቆምላቸውም የጠፋው።

ወደኋላ ተመልሰን እንይ እስቲ። የደርግ ባለሥልጣናት ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት የቀድሞውን መንግሥት ሹማምንት ያለ ፍርድ ረሸኑ። በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ መቀጣጫ ተብሎ ጎዳና ላይ ተጣለ። እነዚያን ባለሥልጣናት ምን አደረግናቸው? ታኅሣሥ 1987 ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ጠበቃ አገኙ፣ ጉዳያቸው 12 ዓመት ተሰማ፣ ይግባኝ ተባለ፣ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ እሱም በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። በችሎቱ ብዙ ሰው ተበሳጭቷል፣ ምክንያትም ነበረው። ግን ኢትዮጵያ በዚያ አንድ ጉዳይ ትልቅ አገር ነበረች። የሻሸመኔው ሰው እነ መንግሥቱ በጎዳና ላይ የጣሉትን ዓይነት ሬሳ ሆነ እንጂ፣ ግብረ አበሮቻቸው ያገኙትን ችሎት አላገኘም።

ከሁሉ የሚመረው፣ ያ ሕዝብ ግፍን የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሊያከብር ወጥቶ ወገኑን ቀብሮ የተመለሰ ሕዝብ ነው። ለዓመታት «ልጆቻችን ያለ ፍርድ ተገደሉ» ብሎ የጮኸ ሕዝብ ነው። እውነቱን ነበር። ይህንን ስል አንድ ከተማ ወይም አንድ ብሔር ላይ ጣቱን ለመቀሰር የተዘጋጀ አንባቢ ካለ ጣቱን ይመልስ። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 2011፣ አማራ ክልል ውስጥ ለጥናት ወደ ትምህርት ቤት የሄዱ ተመራማሪዎች ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው ተብሎ በድንጋይ ተወግረው ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ያየነውን በዝርዝር አላወራም፤ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ዝርዝር አላችሁ፣ ችግሩም የየራሳችን ዝርዝር ብቻ መያዛችን ነው።

መከልከያ የሌለን ሕዝብ ብንሆን ኖሮ እንዲህ ባላዘንኩ። ሁለት ሰዎች ሲተናነቁ አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣ እጅ ይመለስ የነበረበት አገር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን እርስ በርስ ቋጥረው፣ ፖሊስ ሳይነዳቸው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። (ድሮን ማሞገሴ አይደለም፤ ያው ድሮ እጅና እግርም ይቆርጥ ነበር።) የሻሸመኔ አካባቢ የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ደግሞ ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በጠበኞች መሀል ሲቆሙ እሱን አልፎ መማታት ትልቅ ነውር ነው። ያን እሑድ ሲንቄውም፣ «በሕግ አምላክ»ም የት ገቡ? ምናልባት ተናግሮ ያልተሰማ ሰው ነበር። ከሕዝቡ መሀል ፊቱን ያዞረ፣ ያለቀሰ፣ «ኧረ ተዉ» ያለ ሰው እንደነበር ማመን እፈልጋለሁ። ድምፁ በጩኸት ተውጦ ይሆናል።

ደክሞኛል፣ አልዋሻችሁም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጻፍ «እነ እገሌ የሠሩትንስ ለምን አላነሣህም?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይምጣ። በሰኔ 2012 ያችው ሻሸመኔ ስትነድ ጎረቤቶቻቸውን እቤታቸው ደብቀው ያሳደሩ ሰዎችም እዚያው ነበሩ፤ የደበቁት ሰው የማን ወገን እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ ደበቁት። ስለእነሱ ስል ገና ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ተስፋዬ ብዙም ባይሆን።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ፣ እንደሚኖር አልጠራጠርም፣ አንድ ሰው ተከቦ «ይዟል፣ ሰርቋል፣ መርዟል» ሲባል ብትሰሙ ዘሩን አትጠይቁ፣ በስልካችሁም አትቅረጹት፤ ፖሊስ ጥሩ። ጥፋተኛ ቢሆንም ለፖሊስ ስጡት። ነገሩ አልፎ ምስሉ ከደረሳችሁም ለማንም አትላኩት፤ ቤተሰቡ እስኪቀብረው እንኳ ታገሱ።