እኔና ነጥቤ፣ ከጓንዡ እስከ ጣርማበር

ኧረ ወገን፣ ይሄ በበረርክ ቁጥር ካርድህ ላይ የሚሞሉልህ የአየር መንገድ ነጥብ የሚሉት ነገር እኔን ብቻ ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ? ድሮ ትኬት መቁረጥ ምን ነበረው? ዋጋ ትጠይቃለህ፣ ኪሎ ትጠይቃለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። አሁን ግን ፒያሳ ትኬት ቢሮ ገብቼ ልጅቷ ሁለት ዋጋ ስትነግረኝ «በርካሹ ቁረጪልኝ» ማለት አቃተኝ። ነጥብ አለኛ!

ለማታውቁኝ፣ ደሴ ላይ ሸቀጥ እነግዳለሁ፤ ዕቃውን የማመጣው ከቻይና፣ ከጓንዡ ነው። የእኛው አየር መንገድ ከቦሌ ጓንዡ በቀጥታ ይበራል፤ ስመለስም ኮምቦልቻ ድረስ ያመጣኛል። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጣ ነው፣ ቤቴ ነኝ። እኔ ግን ያኔ ዋጋው ቀንሶ ስላገኘሁት በሌላ ጀመርኩ፤ የውጭ ነው፣ ስሙ ይቅር። ካርድ ሰጡኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እሱን ይዤ ቀረሁ። ዋጋው እንኳ አሁን ከእኛው እኩል ሆኗል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። እነሱ አገር ኤርፖርት ወንበር ላይ አድሬ፣ ቦሌ ወርጄ፣ ካርቶን እየጎተትኩ አውቶብስ ፍለጋ። ጣርማበር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ... ወደ 400 ኪሎ ሜትር፤ እሱም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ለዚህ ሁሉ መንገድ አንዲት ነጥብ የሚሰጠኝ የለም።

ተወዋ እንዳትሉኝ። ዕጣው ሳይወጣለት ዕቁቡን ጥሎ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰው ነጥብ ሲባል ነፃ ትኬት ይመስለዋል። እኛ ነጋዴዎች የምንሞትለት ካርዱ የሚያድግበት ደረጃ ነው፤ ደረጃ ማለት ኪሎ ነዋ። የእኛው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 የገባበት ስታር አሊያንስ የሚባል የአየር መንገዶች ኅብረት፣ ወርቅ ደረጃ ለደረሰ መንገደኛ ሻንጣ በኪሎ በሚታሰብበት በረራ 20 ኪሎ ይጨምርለታል፤ በቁጥር ከሆነ ደግሞ አንድ ሻንጣ። የትርፍ ኪሎ ክፍያ የሚያውቅ ይህን ያውቀዋል። 20 ኪሎ የሕፃናት ልብስ ምን እንደሚያወጣ እዚህ ደሴ ሙጋድ ገበያ ወርዳችሁ ጠይቁ! የእኔ ነጥብ ግን ወደዚያ አይሻገርም። ትልልቆቹ ኅብረቶች ሦስት ናቸው፦ ስታር ለብቻው፣ ዋንወርልድ ለብቻው፣ ስካይቲም ለብቻው፤ ኤምሬትስ ደግሞ ከሦስቱም ወጥቶ ከፍላይዱባይ ጋር ስካይዋርድስ በሚሉት ነጥብ የራሱን ጎጆ ቀልሷል።

ደግሞ ርካሽ የገዛ ሰው ሙሉ ነጥብ አያገኝም። ትኬቱ ላይ አንዲት የላቲን ፊደል አለች፣ ማንም ልብ የማይላት፤ ስንት ነጥብ እንደሚገባልህ የምትወስነው እሷ ናት። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ያንኑ ዶሮ በልቶ፣ እኩል ደርሰን፣ የእሱ ሙሉ ይገባል፣ የእኔ ሩብ።

የስሙ ነገርማ አይነሳ። የአንዱ ጉዞ ነጥብ አልገባ ብሎ ብጽፍላቸው «ስምዎ አልገጠመም» አሉኝ። የአያቴ ስም መሐመድ ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤም፣ ካርዱ ላይ በሁለት ኤም ተጽፏል። እሺ፣ ቦርዲንግ ፓሱን ላክ ተባልኩ። ከቦርሳዬ ኪስ ሳወጣው ጽሑፉ ለቆ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ የወንበሩ ቁጥር ብቻ በጭንቅ ይታያል። ልኬዋለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

ይሁን፣ እንግዲያው ነፃ ትኬቱን ልውሰድ ስል ደግሞ ለአረፋ ሰሞን ወንበር የለም። ለገናም የለም። ማንም ከቤቱ በማይወጣበት ወር ግን እንደ ልብ! ነፃ የተባለውም ቢሆን ታክሱና ልዩ ልዩ ክፍያው ከኪስ ነው፣ ያውም በዶላር ካርድ። ነጥቡም እስከዚያ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ጊዜው ሲደርስ ይቃጠላል።

ትኬት የምትቆርጥልኝ ልጅ ትናንት «ጋሼ፣ በኮምቦልቻ ቢመጡ ለወገብዎም ይሻል ነበር» አለችኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ላስብበት» ብያት ወጣሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ደረጃው ሊሞላልኝ የቀረኝ ጥቂት ነው፣ የእነሱ ዓመት ደግሞ ሊዘጋ ነው፤ ካልሞላ ከዜሮ እጀምራለሁ። ልጅቷ የእኛውንም የውጭውንም ትኬት ቡክ አድርጋ ይዛልኛለች፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልከፈልኩ ሁለቱም ይወርዳሉ። አንዳንድ አየር መንገዶች የሌላውን ካርድ አይተው እኩያውን ደረጃ ይሰጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተሳካለት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። «ሁሉንም ተወው» የምትሉ ግን እለፉኝ፣ እሱን ሚስቴም ብላኛለች።