ካዝናውን ማን ቀየረለት?

የአክሽን ፊልም ተመልካችን የሚያህል ቸር ሰው እስካሁን አላየሁም። ይኸው ሰው ታክሲ ውስጥ 1 ብር መልስ ቢቀርበት ከረዳቱ ጋር ሦስት ፌርማታ ሙሉ ይሟገታል። ሥጋ ቤት ሲገባ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ጎንበስ ብሎ ያያል። ሚስቱ ግማሽ ሰዓት ካመሸች የት ነበርሽ፣ በምን መጣሽ፣ መንገዱ የት ጋ ነው የተዘጋጋው ብሎ እንደ መርማሪ ይዟት ቁጭ ይላል። ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል ግን መኪና ከአንድ ፎቅ መስታወት ሰብራ ወጥታ፣ አየሩን ቀዝፋ፣ የሌላውን ፎቅ መስታወት ሰብራ ስትገባ አንድም ጥያቄ የለውም። «በለው!» ይላል፤ በቃ።

ይህን ቸርነት የተማርነው ቪዲዮ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኛ ሰፈር የነበረው ቪዲዮ ቤት በመስኮቱ ላይ ጆንያ የተጋረደበት፣ የእግርና የቆሎ ሽታ የተቀላቀለበት አንድ ክፍል ነበር። አግዳሚ ላይ ስምንት ሆነን እንጠጋጋለን፤ ዴኩ ሲግል ባለቤቱ በካርቶን ያራግበዋል። በር ላይ በተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፋል፤ ስሙ ካልታወቀም «ኃይለኛ አክሽን» ይባልና ያልፋል። መግቢያው 50 ሳንቲም ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረው፤ አክተር አይሞትም። ሰውየው ፊልሙ ውስጥ ስም ቢኖረውም ለእኛ «አክተሩ» ነው፤ ባላጋራው ደግሞ «ቦሱ»። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አክተሩን ለመለየት ይውላሉ፤ ከተለየ በኋላ የሚያሳስብ ነገር የለም፣ ቆሎ መቆርጠም ነው። የሚያሳዝነው የአክተሩ ጓደኛ ነበር። ያ ልጅ የእጮኛውን ፎቶ ከኪሱ ካወጣ አለቀለት፤ ከኋላ አግዳሚ ነፍስ ይማር የሚሉት ገና ሳይመታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «ኮማንዶ»ን ያየ ሰው ይመሰክራል። አርኖልድ መሬት የለቀቀ አውሮፕላን ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ ይወርድና ረግረግ ውስጥ ይወድቃል። እኔና እናንተ ብንሆን መጀመሪያ የምንዳብሰው ወገባችንን ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን ነው የሚነካው። አውሮፕላኑ እስኪያርፍ 11 ሰዓት ስላለው፣ ሰዓቱን ሞልቶ ልጁን ያገቱበትን ሰዎች ፍለጋ ይሄዳል። አየር ላይ ካለ አውሮፕላን ወድቆ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው! በቀጠሮ አክባሪነት ረገድ አገራችን ከዚህ ፊልም ምንም አለመማሯ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንን ሰላማችንን አንድ ቀን አንድ ሰው ሊያደፈርሱት ነበር። ጋሼ እንበላቸው። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ወታደር ሆነው ሰሜን ግንባር ከርመዋል። ዝናብ ይዟቸው ገቡና በሩ አጠገብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ። አክተሩ በአንድ እጁ ክላሽ ይዞ ግቢ ሙሉ ሰው እያጨደ ነው። እኛ ቆመናል። ጋሼ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ እየቆጠሩ ኖሯል።

«ሠላሳ ነው የሚይዘው» አሉ ጮክ ብለው። «ሳትለቅ ከተኮስክበት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም፣ ያልቃል። ይሄ ሰውዬ ካዝናውን ማን ቀየረለት?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን የሚያህል ድፍረት ሰምተን አናውቅም። ከፊት አግዳሚ አንድ ልጅ ዞር ብሎ በትሕትና አስረዳቸው፤ «ጋሼ፣ አክተር እኮ ነው»።

አልገባቸውም። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቦምብ እግሩ ሥር ፈንድቶ እንዴት ይሰማል?» ብለው ጠየቁ። የጋሼ የግራ ጆሮ አይሰማም ነበርና ልጁ መልሱን ሁለት ጊዜ መጮኽ ነበረበት። ከቤቱ ሰው ሁሉ ጦርነት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ፊልሙ ያልገባቸውም እሳቸው ብቻ። የእውቀት ጦስ ይሉታል ይሄ ነው።

ቸርነታችን ባይኖር ኖሮ ዘርፉ እዚህ አይደርስም ነበር። «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ»ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀምሩ ከጭነት መኪና ዲቪዲ ማጫወቻ የሚዘርፉ የሰፈር ልጆች ነበሩ። በ2015 በአቡዳቢ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች መሀል መኪና አበረሩ፤ በ2021 መኪናዋን ሮኬት አስረውባት ጠፈር ወጡ። ከዲቪዲ ሌብነት እስከ ጠፈር 20 ዓመት! እንዲህ ያለ የልማት ዕቅድ ያሳካ መንግሥት ካለ ይጠቆመኝ። እኔ የማውቀው አንድ ወንድም የአቡዳቢውን ፊልም ካየ በኋላ እዚያው ከተማ ለምትሠራው እህቱ ደውሎ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «የተሰበረውን መስታወት ሠሩት?» ብሏታል። የጠየቀው ከልቡ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ይህን መልካም ግንኙነት ያበላሻሉ። ቶም ክሩዝ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ ለቀረጻ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል እውነተኛ ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። ተነሥቶ እያነከሰ ካሜራውን አልፎ ሮጠ፤ ያቺው ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ገባች። እኔ ካየሁበት አዳራሽ ለዚያች ዝላይ ያጨበጨበ የለም። «ደከመው እንዴ?» አለ አጠገቤ የነበረ ሰው። ልክ ነው፤ አክተር የሚሰበር ከሆነ እኛ ለምን ከፈልን?

ግን ቸርነታችን ቦታ ይመርጣል። ያው ሶፋ ላይ ያው ሰውዬ የአገር ውስጥ ፊልም ሲከፈትለት ዳኛ ሆኖ ይነሣል። «ደሃ ናት ተብሎ ጥፍሯን ተቀብታለች፤ ውሸት!» «በዚህ ሰዓት ከመገናኛ ቦሌ በአሥር ደቂቃ? ውሸት!» ደግሞም እውነቱን ነው፤ ማንም በአሥር ደቂቃ አይደርስም። በሮኬት ካልሆነ።

«አክተር አይሞትም» የሚለው አንቀጽ ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ ሥራ ላይ መዋሉንም ሳላመሰግን አላልፍም። ቀለበት መንገድ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ድልድዩ ሥር ቁሙ። ሰው ድልድዩን ቀና ብሎ ያየዋል፣ ይንቀዋል፣ የብረት አጥሩን ዘሎ በሲኖትራኮች መሀል ስልክ እያናገረ ያልፋል። ወደ ኋላ አይዞርም። አክተር ከኋላው ነገር ሲፈነዳ ዞሮ እንደማያይ ያውቃል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ መቅረት አልቻሉም፤ ዝናብ ባይኖርም ይመጣሉ። አንድ ቅዳሜ አክተሩና ቦሱ ፊት ለፊት ሲገናኙ መብራት ሄደ። ባለቤቱ ሻማ ለኮሰ። ገንዘብ ይመለስ ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያን ጊዜ ፊልሙን አይቼዋለሁ የሚል አንድ ልጅ አግዳሚ ላይ ወጣና ቀሪውን ይተርክ ጀመር። ኡጋንዳ ውስጥ ይህ ሥራ ነው፤ ካምፓላ ዋካሊጋ የሚሠሩ ፊልሞች ላይ ቪጄ የሚባል ተራኪ ገብቶ እየጮኸ ያሟሙቃቸዋል። የእኛው ልጅ በነጻ ነበር።

«አክተሩ ብድግ! ጠሽ! ቦሱ በመስኮት ወደ ሄሊኮፕተር! አክተሩ በገመዱ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ድድድድድ...» ልጁ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ በጨለማው ውስጥ ጋሼ ወደ ተቀመጡበት ዞረ። «ካዝናውን በጥርሱ ቀየረ! ቀጭ!»

«እህ! አሁን ገና!» አሉ ጋሼ ከጨለማው።

ሄሊኮፕተሩ ባቡር ላይ ወደቀ፣ ባቡሩ ድልድይ ይዞ ወንዝ ገባ፣ ቦሱ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሣ። ከዚያ መብራት መጣ። ዴኩ ተንተባተበና ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ። አክተሩ አንድ ጥይት ተኮሰ፤ ቦሱ ወደቀ፤ አለቀ። ሄሊኮፕተር የለ፣ ባቡር የለ።

«ቆርጠውታል!» አለ አንዱ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ባለቤቱ ካሴቱን እያሳየ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አጣ። በሩን ዘግተው፣ ካፖርታቸውን ገልበው፣ 50 ሳንቲሜን ካልመለስክ ንቅንቅ አልልም ያሉት ግን ጋሼ ነበሩ።